የወይዘሮ ሥራነሽ ዜሮ

ኃላፊ ይቀየራል፣ ማኅተም ይቀየራል፣ የግድግዳው ቀለም እንኳ ይቀየራል፤ ካርድ ክፍል ያለችው ሴትዮ ግን አትቀየርም። በየመሥሪያ ቤቱ አለች። ከመስኮቷ ማዶ ቆመህ ለምነሃታል፣ በሆድህም ረግመሃታል።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ሥራነሽ ይባላሉ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍል ከተቀመጡ ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነው። አንድ ቃል አለቻቸው፦ «እንዳለ ይጻፍ!» መታወቂያህ «ገዳሙ» እያለ አንተ «ገዳም ነኝ» ካልክ አበቃልህ፤ ሂድና መታወቂያህን አስተካክለህ ና ነው። ትኩሳቱ ይጠብቅሃላ!

ዘንድሮ ኮምፒዩተር መጣ። ከኮምፒዩተሩ ጋር ሚንሃጅ መጣ፤ የይጁቤ ነጋዴ ልጅ፣ ሲስተም ሠሪ፣ ጨዋ፣ ግን ችኩል። መረጃውን ሁሉ አስገባና ሲስተሙ እምቢ አለው።

«እትዬ ሥራነሽ፣ የታካሚዎቹ ሠንጠረዥ የካርድ ቁጥሩን የያዘው በጽሑፍ ነው። የሕክምናው ሠንጠረዥ ደግሞ በቁጥር ነው የሚፈልገው። ዓይነታቸው ስለተለያየ አልገናኝ አሉኝ። የካርድ ቁጥሩ እኮ ለሲስተሙ ቁልፍ ነው።»

«ቁልፍማ እኔ ዘንድ ነው» አሉና ወገባቸውን መታ መታ አደረጉ።

«እሱን አይደለም፣ እትዬ። ሁሉንም ወደ ቁጥር ልለውጠው። የምትጠፋው ከፊት ያለችው ዜሮ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ዋጋ የላትም።»

ወይዘሮ ሥራነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። የሚያውቃቸው ሰው ይሄን ሲያይ በሩን ይፈልጋል።

«ስማኝ። የድሮው መዝገብ ሲያልቅ ቁጥሩን እንደገና ከአንድ ጀመርን። የድሮዎቹ እንዳይደባለቁብኝ በገዛ እጄ ከፊታቸው ዜሮ ጻፍኩ። 417 ጀነት ናት፣ ባለሱቋ። 0417 አንሙት ነው፣ የዲማው ገበሬ። ዜሮዋን ስትነቅል ሰውዬውን ነቀልከው!»

«ቁጥር ግን ቁጥር ነው፣ እትዬ።»

«ይደመራል? አንሙትን ከጀነት ደምረህ ስንት ይመጣልሃል? የማይደመር ነገር ቁጥር አይደለም፤ ስም ነው። እንዳለ ይጻፍ!»

ኃላፊው አቶ አለበል ተጠሩ። ዘመናዊ ሰው ናቸው፤ ክራባት ያስራሉ። ሚንሃጅን «ቀጥል» አሉት። ወይዘሮ ሥራነሽን ደግሞ ካርዶቹ ዓርብ መጋዘን ስለሚገቡ ቁልፉን እንዲያስረክቡ አዘዟቸው።

«አላስረክብም።»

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። ፈርመው ተቀበሉ፤ ቁልፉን ግን ከመቀነታቸው አልፈቱም። ዓርብ የመጡት ጫኞች በሩ ላይ ቆመው፣ ቆመው፣ ሄዱ።

ሚንሃጅ ዜሮዎቹን አጠፋ። ሲስተሙ «ይህ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» ሲለው የጸሐፊ ስህተት መሰለው። ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸው፤ ስሙ የአንሙት፣ የሕክምናው ታሪክ የጀነት።

ሰኞ ጠዋት አንሙት እያነከሰ ደረሰ። መጥረቢያ ስቶ እግሩን ፈልጦት ቁስሉ መግል ይዟል። ነርሷ ሃኒ ኮምፒዩተሩን ከፈተች።

«ጋሽ አንሙት፣ የስድስት ወር እርጉዝ ነዎት ይላል እኮ።»

«ያበጠብኝ እግሬ ነው፣ ልጄ! ከሱ ነው የሚወለደው?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በታች ግን የማያስቅ መስመር ነበር፦ «የማይስማማ መድኃኒት፦ የለም።» ሃኒ እንደሳቀች ፔኒሲሊኑን በጥብጣ መርፌው ውስጥ ሳበችው።

ሳቁ ካርድ ክፍል ደረሰ። «አንሙት አረገዘ!» የሚለውን ሲሰሙ ወይዘሮ ሥራነሽ የሆነው ወዲያው ገባቸው። 0417ን ከመደርደሪያው መዘዙና ሮጡ። እሳቸው ሲሮጡ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ካርዱን ሃኒ ፊት ዘረጉት። ከላዩ ላይ በትልቁ፣ ዙሪያውን ተከቦ፣ «ፔኒሲሊን አይወጋ፤ ከዚህ በፊት ራሱን ስቶ ተርፏል» ይላል።

ሃኒ መርፌውን አስቀመጠች። አንሙትን ሌላ መድኃኒት ሰጥተው አሰናበቱት።

ከሰዓት በኋላ ሚንሃጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እትዬ፣ የሕክምናውንም ሠንጠረዥ ወደ ጽሑፍ ለወጥኩት። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ተገናኝተዋል። ዜሮዎቹንም ካስቀመጥኩት ቅጂ መለስኳቸው።»

«ስንት ናቸው?»

«ስድስት መቶ ሁለት።»

«ስድስት መቶ ሦስት ናቸው። ፈልግ።»

ፈልጎ አገኘው።

አቶ አለበልም ማስጠንቀቂያውን ከወይዘሮ ሥራነሽ ማኅደር አውጥተው ሊቀድዱት ሲሉ «አይቀደድም!» ተባሉ። «የሆነው ነገር ከሥሩ ይጻፍበት።» ክራባታቸውን ላላ አድርገው፣ ቆመው ጻፉ። ወይዘሮዋም ሁለት ቦታ ላይ ሆሄ አሳረሟቸው።

እኔንም ወይዘሮ ሥራነሽ ሦስት ጊዜ መልሰውኛል፤ አንዱ በዝናብ ነው። ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት ቀራቸው ሲሉ ሰማሁ። ስለዚህ የጨጓራውንም፣ የኩላሊቱንም፣ ወደፊት የሚመጣብኝን በሽታ ሁሉ በነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ታምሜ ልጨርስ ወስኛለሁ።