ሙሉ ኮብለር ለብቻዬ የበላሁ ዕለት

ዛሬ በአንድ የምግብ ቪዲዮ ምክንያት የልጅ ልጄ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴት ኮብለር ትጋግራለች። ከታች ፍሬ፣ ከላይ ሊጥ፣ ከዚያ ኦቭን። የልጅ ልጄ «እማማ፣ እኛም እንሞክረው?» አለችኝ።

እኔ ሞክሬዋለሁ። ከስድሳ ዓመት በፊት፣ እዚሁ ጎንደር።

ተዋርጄበታለሁም። ውርደቱ የኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ እየሳቅሁ ባወራሁት ነበር።

ረጅም ነው። ላይክ ባታደርጉትም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ያኔ ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ፣ እኔ ደግሞ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ትዕቢቴ ላይ ተቀምጠን ነበር። የተማረች ሴት በጣት የምትቆጠርበት ዘመን ነው። ያውም ከአሜሪካዊት አስተማሪ የቤት አያያዝ የምትማር! ሹካና ቢላዋ እደረድራለሁ። ናፕኪን አጥፋለሁ። በሰፈራችን ሳልፍ መሬት የምረግጥ አይመስለኝም ነበር።

አስተማሪያችን አንድ ቀን ኮብለር ጋግራ አሳየችን። ኮክ ተልጦ ይቆራረጥና በስኳር ይታሻል። ዱቄት በቅቤና በወተት ይለወስና ከላይ ይደረግበታል። ከዚያ መጋገር ነው።

ትምህርት ቤት ኦቭን አለ። እኛ ቤት ያለው ሦስት ጉልቻ ነው።

ሰሃኑም የለንም። ስለዚህ ወደ የሺ ሄድኩ።

የሺ ጓደኛዬ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ወለቃ መንደር የሚኖሩት የሸክላ ሠሪዋ የእቴ ብርቄ ልጅ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ያኔ ሰው ይጠራቸው በነበረው ስም ዛሬ አልጠራቸውም። እናትና ልጅ ገንቦና ድስት ተሸክመው ሲመጡ እኛ በር ላይ ያርፋሉ። እናቶቻችን ዋጋ ሲከራከሩ እኔና የሺ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በሆነ ባልሆነው እንስቃለን። እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት ሆነን።

በስድስት ዓመት ውስጥ የሺ ከኛ ቤት ውሃ እንኳ ጠጥታ አታውቅም። ይሉኝታ ይዟት ነው እል ነበር። ሰው ሁሉ ስለሚሸሻቸው ተሸማቅቃ ነው ብዬ አዝንላት ነበር።

አዝንላት ነበር! እኔ!

የሰሃኑን ቅርጽ በእርሳስ ሥዬ ሰጠኋት። መጀመሪያ የሠራቻቸው ሁለቱ እሳት ላይ ተሰነጠቁባት። ሦስተኛው ሰመረላት። ዳር ዳሩን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አስጊጣዋለች። ዋጋውን ስጠይቃት «ላንቺማ አልሸጥም» አለችኝ።

ታዲያ ውለታዋን በምን ልመልስ? በኮብለር ነዋ!

ቀኑን አርብ አደረግሁት። ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ለሰንበት ይሆናቸዋል ብዬ። አርብ እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ቅቤና ወተት ያለበትን አልቀምስም። ልፋቱ ሁሉ ለነሱ ነው ማለት ነው። ራሴን ከጻድቃን ተርታ ልቆጥር ምንም አልቀረኝም።

እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ ጋገርኩት። ከታች እሳት፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም፣ ልክ ድፎ ዳቦ እንደሚጋገረው። በአንድ ጎኑ አረር አለብኝ። የቀረው ግን ወርቅ መሰለ። ሽታውን ተዉት!

በነጠላ ጠቅልዬ እስከ ወለቃ በእግሬ ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ የሺ አልነበረም፤ ስለ ራሴ ነበር። ሰው የሚጸየፋቸውን የማልጸየፍ፣ ቤታቸው ገብቼ የማጎርስ፣ ዘመናዊት ልጅ!

ደረስኩና የሺን እቅፍ አደረግኋት። ደንገጥ አለች።

እቴ ብርቄ ሰሃኑን ገልጠው አዩት። ያኔ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ ዛሬ እንኳ አንቱ ልበላቸው።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ። «ሸጋ አድርገሽ ሠርተሽዋል። እኛ ግን አንበላውም።»

«ምነው?»

«የእናንተ እጅ ያበሰለውን አንበላም። ሥርዓታችን ነው። አይክፋሽ።»

የኔ እጅ? በሳሙና የታጠበ፣ ጥፍሩ የተከረከመ፣ በፈረንጅ አስተማሪ የተመሰገነ እጅ?

ዞር ስል የሺ የለችም። ነጭ ልብሷን ይዛ ወደ ወንዙ እየወረደች ነው።

«ነክተሻት የለ፤ ሰንበት ሳይገባ ልትታጠብ ነው» አሉኝ እናቷ። ሲሉት ክፋትም የለበት፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ የታገሥኳቸው እኔ ነኝ እያልኩ ስመጻደቅ፣ ለካ የሺ እኛ ሰፈር በመጣች ቁጥር ቤቷ ስትመለስ በኔ ምክንያት ስትታጠብ ኖራለች።

ዛሬ ይገባኛል። እኔስ አርብ ቅቤ ብትሰጡኝ እበላለሁ? የኔ ሥርዓት ሥርዓት ሆኖ የነሱ ስድብ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? ያኔ ግን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው አልኳችሁ።

ሰሃኑን ነጥቄ ወጣሁ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩና በእጄ ዛቅ አድርጌ ጎረስኩ። የመጀመሪያው ጉርሻ ለንዴቴ ነበር። ሁለተኛውም ለንዴቴ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ያለውን ግን በንዴት አላሳብብም፤ ጣፍጦኝ ነው።

ለስድስት ሰው የተጋገረ ኮብለር፣ በዕለተ አርብ፣ ለብቻዬ! ሰሃኑን ሳይቀር በጣቴ ጠረግሁት።

ቤት ሳልደርስ ሆዴ ተነሣ።

ሰሃኑን አልጋ ሥር ገፍቼ ተጠቀለልኩ። ላብ በላብ ሆንኩ፤ አስመለሰኝ፤ አቃሰትኩ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያገኘችኝ እንዲህ ሆኜ ነው።

«የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«ወለቃ።»

ከዚህ በላይ አልጠየቀችኝም። ሮጣ አጎቴን አያ ተሰማን ጠራችው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ሸክላ የሚሠራውንና ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው «ቡዳ ነው» ብለው ያሙት ነበር። በዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። በድስታቸው ወጥ እየሠራን፣ በማረሻቸው እያረስን! ሰው በድንገት ሲታመም ጤና አዳም እያሸተቱ «ማን በላህ?» ብለው ይጠይቁታል። በሽተኛው የጠራው ስም እንደ ምስክር ቃል ነው የሚቆጠረው።

አያ ተሰማ ጤና አዳሙን አሽቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው።

«ተናገሪ» አለኝ። «ማን በላሽ?»

ምን ልበል? አርብ ቀን ቅቤ በላሁ ልበል፣ እናቴ ፊት? ለስድስት ሰው የሚበቃ ምግብ እንደ ጅብ ዋጥኩ ልበል? እጄን ናቁብኝ ልበል?

«የሺ» አልኩ።

ሕመሙ ነው ያናገረኝ እንዳልላችሁ፣ ሕመም የሰው ስም አያውቅም። ስሟን የማውቀው እኔ ነኝ።

የተጠራው ሰው ራሱ መጥቶ በሽተኛው ላይ እንትፍ ካለበት ይለቀዋል ይባላል። አያ ተሰማ ሁለት ጎረቤት አስከትሎ ሊያመጣት ወጣ። «ተዉ፣ አትሂዱ» ማለት እችል ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ።

ያመጧት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ነጭ ልብሷን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ገና ሳይደርቅ። ለሰንበቷ ታጥባ የገባችው እኛ ቤት ሆነ። እቴ ብርቄ ደጅ ቆመው «ልጄ ምን አደረገች?» እያሉ ሲያለቅሱ ይሰማኛል።

«እንትፍ በይባት» አላት አያ ተሰማ።

የሺ ወደ አልጋው ቀረብ ስትል ከሥር ሰሃኑን አየችው። ጥርግ ያለ ባዶ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንዳመመኝ ገባት።

እሷ ብትናገር የሚያምናት አልነበረም። እኔ ብናገር ግን ሁሉም ያምኑኝ ነበር። ይህንንም ታውቃለች። ቆማ ጠበቀችኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እንትፍ» ስትል ሰማሁ። ድምፁ ብቻ ነው፤ ምራቋ አልነካኝም። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ነገ ይሻልሻል» አለችኝ።

ወደ ወለቃ የተመለሱት ሰንበት ከገባ በኋላ ነው። በሰንበት መንገድ አይሄዱም፤ ያን ዕለት በኔ ምክንያት ሄዱ።

በማግስቱም እንዳለችው ተሻለኝ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው! ጥጋብ ያመመው ሆድ በማግስቱ እንደሚሻለው ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሰፈሩ ግን «አያችሁ፣ እንትፍ ብትልባት ለቀቀቻት» አለ። መዳኔ ማስረጃ ሆነባት። ብሞትም እሷ ናት፣ ብድንም እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ የሺ በመንገድ ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ። ከእቴ ብርቄ ዕቃ የሚገዛ ጠፋ። ከየሺ ጋር አንድ ቀን ገበያ አፋፍ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የምሸፍነው ልጅ አልነበረኝም፤ መንገድ ቀየርኩ።

በሦስተኛው ወር እውነቱን ልናገር ብዬ ወለቃ ወረድኩ። ቤቱ ባዶ ነበር። አዲ አርቃይ አካባቢ ዘመድ አላቸው፣ ወደዚያ ሄዱ አሉኝ።

ኋላ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የሺም ሄዳ ይሆናል። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። እናቴ የሺ እንደበላችኝ እያመነች ሞተች።

ንስሐ አልገባሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ገብቻለሁ! አርብ ቀን ቅቤ መብላቴን ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድኩ። ስለ የሺ ትንፍሽ አላልኩም።

ኮሜንት ላይ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» ልትሉኝ ነው፤ አሜን። እስከዚያው ግን ሼር አድርጉልኝ። ምናልባት አያቷ የወለቃ ሸክላ ሠሪ የነበረች አንዲት ልጅ የሆነ አገር ሆና ታነበው ይሆናል።

ልጄ፣ አያትሽ ካለች አንብቢላት። የሺ ማንንም አልበላችም። ያመመኝ የገዛ እጄ ኮብለር ነው፤ ያን ዕለትም አውቀው ነበር።

ይህችን ለመናገር ስድሳ ዓመት የፈጀባት ሴት፣ በየሰፈሩ «እኔ የተማርኩ ነኝ» ስትል አታፍርም?