የክፍቱ ምንጭ ምረቃ

በሐረር ከተማ፣ ለክብሩ ስንል ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የተፈጸመውን ታላቅ ገድል ለመጪው ትውልድ ማስተላለፍ ውዴታም ግዴታም ነው። ገድሉን የፈጸሙት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ኒቆዲሞስ ናቸው። አቶ ኒቆዲሞስ ያልገባቸውን ነገር በሙሉ ልብ የመደገፍ ተሰጥኦ ያላቸው ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ነገሩ እስኪገባው ሲጠይቅ፣ እሳቸው ደግፈው፣ አጨብጭበው፣ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይሄዳሉ።

መሥሪያ ቤቱ አንድ በመዳፍ የሚያዝ ኮምፒውተር ነበረው። ባለሙያዋ ሥርጉት እሱን ይዛ በግንብ በታጠረው በጁገል ጠባብ መንገዶች እየዞረች የቆዩ ቤቶችን ፎቶ ታነሣለች፤ ትመዘግባለች። ዕቃው ግን ከዕድሜ ብዛት ተንቀራፈፈ። የአንድ በር ፎቶ እስኪያስቀምጥ የቤቱ እመቤት ሻይ አፍልታ፣ ሥርጉትን ጋብዛ፣ ልጅ ወልዳ እንደሆነም ጠይቃ ትጨርሳለች። ሥርጉት ሲመርራት ወደ ኃላፊው ገባች።

«ጋሽ ኒቆዲሞስ፣ የኮምፒውተሩ ሲስተም አርጅቷል። ሊኑክስ ብጭንበት እንደ አዲስ ይሠራል።»

«ሊኑክስ ማነው?»

«ሰው አይደለም፤ ሲስተም ነው። ክፍት ምንጭ ነው፤ ኦፕን ሶርስ የሚሉት። ማንም ሰው በነፃ ያወርደዋል።»

«በነፃ» የምትለዋን ሲሰሙ አቶ ኒቆዲሞስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«መቼ ይደርሳል?»

«ዛሬ ከምሳ በኋላ ብጀምር፣ ሳንወጣ ያልቃል።»

አቶ ኒቆዲሞስ መልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ለወጣቱ ትውልድ የሚሰማቸው ሐዘን ታየ። «ልጄ፣» አሉ፣ «ሳንወጣ ያለቀ ሥራ ሪፖርት ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?»

በዚሁ መሠረት ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዐቢይ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ። ስብሰባው ሁልጊዜ ጠዋት ነበር፤ የሐረር ከሰዓት ለጫት እንጂ ለአጀንዳ እንደማይመች አባላቱ ከልምድ ያውቃሉ። ሥርጉት በአባልነት አልተካተተችም፤ ሥራውን የምታውቀው እሷ ስለሆነች የጥቅም ግጭት ይፈጠራል ተብሎ ተፈራ። ኮሚቴው ከጥልቅ ውይይት በኋላ አንድ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ፤ ሲስተሙ የሚጫነው በሕዝብ ፊት፣ በምረቃ ሥነ ሥርዓት ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ለታሪክ ስለሚጠብ አቦከር ሰፈር የሚገኝ አንድ ሜዳ ተመረጠ።

ቅስቀሳው ለሕዝብ ግንኙነቱ ለአሽረፍ ተሰጠ። አሽረፍ የጻፈውን ይዞ ኃላፊው ዘንድ ገባ።

«‹ሊኑክስ› የሚለው ይሁን?»

«አውጣው። የባዕድ ቃል ነው።»

«‹ስርዓተ ክወና›ስ?»

«እሱንም አውጣው። አማርኛ ቢሆንም ማን ይገባዋል?»

«‹በመዳፍ የሚያዝ ኮምፒውተር›?»

«ይረዝማል፤ ባነሩ ላይ አይበቃም። ሕዝብ አጭር ነገር ነው የሚወደው።»

ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና የቀረው በትልልቅ ፊደል ታተመ፤ «ታላቅ የክፍት ምንጭ ምረቃ በአቦከር! ለሁሉም! በነፃ!»

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር እንንገር። በዚያ ሰሞን አቦከር ውኃ ካየ ሰንብቷል። ቧንቧ ሲከፍቱት ረጅም ትንፋሽ ያወጣና እንደ ጨረሰ ሰው ዝም ይላል። ሥርጉትም የምትኖረው እዚያው ነው። ባነሩ ሲሰቀል ስታይ አሽረፍን እጁን ያዘችው።

«አሽረፍ፣ ይኼን ያነበበ ሰው ምን ብሎ ነው የሚመጣው?»

«ይመጣል አይደል?»

«ይመጣል እንጂ!»

«በቃ። የኔ ሥራ እሱ ነው።»

በምረቃው ዕለት ከክብር እንግዶች በፊት የደረሰው ጀሪካን ነው። ቢጫው ጀሪካን ከሜዳው ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ተሰለፈ። የአቦከሯ ወይዘሮ ገላነሽ የጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ዕቃ ሰብስበው ከፊት ቆመዋል። ከጎናቸው ደግሞ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ሳፊያ ሱቋን ዘግታ፣ ባጃጅ ሙሉ ባዶ ጀሪካን አስጭና መጥታለች። አቶ ኒቆዲሞስ ከመኪና ሲወርዱ ሕዝቡን አይተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ሕዝባችን ለቴክኖሎጂ ይህን ያህል የተጠማ መሆኑን አላውቅም ነበር!» አሉ።

«ጀሪካኑስ?» ሲሉ አንድ የክብር እንግዳ ጠየቁ።

«ወንበር እንደማይበቃ ገምቶ መቀመጫውን ይዞ መጥቶ ነው፤» አለ አሽረፍ፣ ለሙያው ታማኝ በሆነ ድምፅ።

አቶ ኒቆዲሞስ መድረክ ላይ ወጡ። ሥርጉት ያዘጋጀችላቸውን ማብራሪያ ይዘው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ምንጩ ክፍት ነው!»

እልልታ።

«ማንም ሰው ሳይከፍል መውሰድ ይችላል!»

እልልታ፤ ከጀሪካን ከበሮ ጋር።

«የወሰደውን ለጎረቤቱ ማካፈል ይችላል!»

«ወላሂ እኚህ ሰው ጀነት ይግቡ!» አለች ሳፊያ። ወይዘሮ ገላነሽም መሬት ስመው ተነሡ። አቶ ኒቆዲሞስ በሕይወታቸው እንዲህ ተደምጠው አያውቁም። ያልተጻፈውን ሁሉ ጨመሩበት፤ ምንጩ እንደማይነጥፍ፣ ዓለም ሁሉ ከሱ እንደሚቀዳ፣ በበጋም በክረምትም እንደማይቋረጥ አረጋገጡ።

ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ። ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር በገመድ ተሰክታ ተቀምጣለች። ስክሪኗ ላይ አንድ ሆደ ነጭ ወፍ ይታያል። ወይዘሮ ገላነሽ ጠጋ ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ምንድን ነች እቺ? ዳክዬ ነች?»

«ፔንግዊን ነው እማማ፤» አለች ሥርጉት በሐፍረት። «የሲስተሙ ምልክት ነው።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«ውኃ ዳር ነው እማማ። ውኃ ውስጥም ይዋኛል።»

«እሱስ ታድሏል፤» አሉ ወይዘሮ ገላነሽ።

ሥርጉት ወደ ኃላፊው ዘወር ብላ በለሆሳስ «ጋሽ ኒቆዲሞስ፣ ጭነቱ እስኪያልቅ ገመዱ እንዳይነካ፤ ባትሪው ሞቷል፤» አለች። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ መካከል ፎቶ አንሺው «ገመዱ ፎቶውን አበላሸብኝ» ሲል ተሰማ። አቶ ኒቆዲሞስ ለታሪክ ሲባል ምንም ነገር ከመንቀል የማይመለሱ ሰው ናቸው። ነቀሉትና ኮምፒውተሯን ከፍ አድርገው ያዙ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ፎቶው ግን እጅግ አማረ። ሥርጉት ያችን ኮምፒውተር ከእሳቸው እጅ ተቀብላ ማብሪያዋን ደጋግማ ተጫነች። ምንም የለም። በራቸውን እያንኳኳች ያነሣቻቸው የጁገል ቤቶች ፎቶ ሌላ ቦታ መቀመጡ ብቻ አጽናናት።

«ምንጩስ?» አለች ሳፊያ ከፊት።

«አሁን ያዩት ነው፤» አሉ አቶ ኒቆዲሞስ።

«የትኛውን?»

«እሱን፤ የጠቆረውን።»

ጀሪካን እንደ መድፍ መንጎድ ጀመረ። ሳፊያ መድረኩ ላይ ወጥታ «ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት የጠቆረ ነገር ለማየት ነው? የጠቆረ ድስት እቤቴ ሞልቷል!» አለች። ወይዘሮ ገላነሽ ግን አልጮኹም። ባዶ ጀሪካናቸውን አቶ ኒቆዲሞስ እግር ሥር አስቀምጠው፣ «እቤት የተኛ ሕመምተኛ አለብኝ፣ ጌታዬ። ገላውን ካጠብኩት ሰነበተ። ይሙሉልኝና እሄዳለሁ፤» ብለው ቆሙ። አቶ ኒቆዲሞስ ጀሪካኑን አዩት፤ ከዚያም መንገዱን አዩ።

በዚያች ቅጽበት የመንገድ ዳር አበባ የሚያጠጣው ቦቴ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ታየ። አቶ ኒቆዲሞስ ከመድረክ ዘለሉ። ሱፋቸውን እንደ ለበሱ ሮጠው ከመኪናው ፊት ቆሙ።

«አቁም! የት ነው የምትሄደው?»

«አበባ ላጠጣ፤» አለ ሾፌሩ።

«አበባው ኮሚቴ የለውም! አዙር!»

ያን ቀን አቦከር ቀዳ። ሥርጉትም የሞተችውን ኮምፒውተር በቦርሳዋ ከትታ፣ ጀሪካን ተውሳ ተሰለፈች። ወይዘሮ ገላነሽ የሞላላቸውን ተሸክመው ሲሄዱ አቶ ኒቆዲሞስን መረቋቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተመረቁ፤ ከልባቸው ይመስል ነበር።

ማታ ዜናው ተነገረ፤ «በአቦከር ክፍት ምንጭ ተመርቆ ለአገልግሎት በቃ። ነዋሪዎች የተሰማቸውን ደስታ ገለጹ።» ሐሰት የሚባል ቃል አልነበረበትም። ዜናውን የሰሙ የበላይ አካላት ተደነቁ። ባለሙያ ሁሉ ውኃ የለም ባለበት ቦታ፣ ያለ ቁፋሮ፣ ያለ ጥናት፣ በአንድ ጠዋት ምንጭ ያወጣ ሰው እንዴት በቤት ምዝገባ ይባክናል? አቶ ኒቆዲሞስ የከተማውን ውኃ እንዲመሩ ተሾሙ። በአዲሱ ቢሮ መሐንዲሶቹ ከበቧቸው።

«ክቡርነትዎ፣ ያን ምንጭ ከየት ነው ያወረዱት? ከተራራው ነው?»

«ከኢንተርኔት፤» አሉ አቶ ኒቆዲሞስ። መሐንዲሶቹ ተያዩ። ማንም እንዳልገባው መሆን ስላልፈለገ ሁሉም አጨበጨቡ።

ከእሳቸው በፊት ውኃውን ሲመሩ የነበሩት ኢንጂነር ጌታቸው ደግሞ፣ በአገልግሎት ዘመናቸው አንድ ምንጭ እንኳ መክፈት ባለመቻላቸው፣ ወደ ሥርጉት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው ተዛወሩ። ሥርጉት በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሯን ይዛ ገባች።

«ምን ሆነ ይሄ?» አሉ ኢንጂነር ጌታቸው።

«ድርቅ ብሏል፣ ጋሼ።»

ኢንጂነሩ ገልበጥ አድርገው አዩት። ከተዛወሩ ጀምሮ ጠቁሮ የነበረው ፊታቸው በራ።

«ደርቋል? እንዲያ ነው የሚባለው?» አሉ። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል፣ ሙያዬ እኮ ነው! ‹በቅርቡ ይስተካከላል፤ በትዕግሥት ጠብቁን› ብለሽ በሩ ላይ ለጥፊ።»