የአቶ አጥናፉ ብረት

በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ «አይቻልም» ለማለት ብቻ የተፈጠረ አንድ ሰው አለ። ሹሙ ቢሻር፣ ጣሪያው ቢያፈስ እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። የእኛው አቶ አጥናፉ ይባሉ ነበር፤ እኔ ግን በልቤ «ሊቀ ብረት» ብዬ ሾሜአቸው ነበር።

የሚጠብቁት ከሥላሴ በታች ባለ ግቢ ውስጥ፣ አንድም የብረት ሚስማር ሳይመታባት የተሠራች የእንጨት ቤት ነው። በውስጧ የምድርን የማግኔት ኃይል የሚለካ መሣሪያ አለ። ኃይሉ እጅግ ደካማ ስለሆነ በኪስ የተረሳ ሰንጢ እንኳ ልኬቱን ያበላሸዋል። መሣሪያው የተሰማውን ሁሉ፣ ሃምሳ እርምጃ ርቆ በሚገኘው ክፍሌ ውስጥ አንዲት ብዕር በወረቀት ላይ ታሰምራለች። የእኔ ሥራ መስመሯን ማንበብ፣ የአቶ አጥናፉ ሥራ ብረትን ማባረርና ጠዋት ጠዋት ቤቷን በናስ ቁልፋቸው ከፍተው መጥረግ ነበር።

«ብረትዎን ያውርዱ!»

ለመኮንንም ለቄስም የሚሉት ይህንኑ ነው። አንድ ከፍተኛ ሹም ለጉብኝት መጥተው ቀበቶአቸውን ስላስፈቷቸው፣ ሱሪያቸውን በእጃቸው ጨብጠው መሣሪያውን አደነቁ። የአቶ አጥናፉ ባለቤት ወይዘሮ አይናዲስ ምሳ የሚያመጡላቸው በአገልግል ነው፤ እሱንም ለማቀበል የፀጉራቸውን መያዣ መንቀል ነበረባቸው። ከፒያሳ ወረቀት የሚያመጣልን ባለሱቁ ኑሪ ብቻ ነበር የሚገዳደራቸው።

«ጋሼ አጥናፉ፣ ጥርሴ ወርቅ ነው፤ ልንቀለው?»

«ወርቅ ይለፍ። የጫማህን ሚስማር ነው ያልኩህ።»

«በባዶ እግሬ ልግባ?»

«መስጊድ ስትገባ ማን ለመነህ?»

በ1956 ዓ.ም. ከቀድሞው እጅግ የሰላ አዲስ መሣሪያ መጣ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ብዕሯ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትዘል ጀመር። ኃላፊያችን አቶ ገብረአብ «ብረት ይዞ የሚገባ አለ» አሉ። አቶ አጥናፉ ነደዱ። ሁላችንንም በረበሩ፤ የኃላፊውን የእጅ ሰዓት ሳይቀር አስወለቁ። ብዕሯ አሁንም ዘለለች። በመጨረሻ ተራ በተራ በመሣሪያው አጠገብ እንድናልፍ ታዘዘ። ሌሎቻችን በሰላም አለፍን። አቶ አጥናፉ ሲያልፉ በክፍሌ መስኮት ብቅ ብዬ «ዘለለች!» ስል ጮህኩ። ኮታቸውን አወለቁ። ዘለለች። ጫማቸውን አወለቁ። ዘለለች። በነጠላ ብቻ ተጠቅልለው አለፉ፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ዘለለች» አልኩ።

ያን ጊዜ እጃቸውን ወደ ታፋቸው ሰደዱ። ማይጨው ላይ ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ፍንጣሪውን እዚያ ትቶ ነበር።

«ሃያ ስምንት ዓመት አብሮኝ በልቶ፣ አብሮኝ ጠጥቶ፣ አሁንም ብረት ነው?» አሉኝ። እሳቸው ሥጋ ሆኗል ብለው አስበው ነበር።

አቶ ገብረአብ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወደ ውጭው በር ላዛውርዎ አሏቸው።

«የውጭውን በር ማንም ይቆመዋል። እዚህ ለመቆም ደግሞ፣ እኔ ብረት ተሸክሜ ሰውን ብረትህን አውርድ በምን አፌ እላለሁ?»

ሊያስወጡት ቆረጡ። ሐኪሙ ፍንጣሪው ከደም ሥር ጋር መጣበቁን ነግሮ፣ ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠነቀቃቸው። ወይዘሮ አይናዲስ ክፍሌ ድረስ መጥተው «እባክህ አንተ ንገርልኝ፤ እኔ ከነብረቱ ነው ያገባሁት» አሉ። ነገርኳቸው። አልሰሙኝም።

ሐሙስ ሆስፒታል ገቡ። ዓርብ ከቀዶ ሕክምናው አልነቁም። ቅዳሜ ቀበርናቸው።

ሰኞ ዕለት የሳምንቱን ወረቀት ስመረምር፣ ረቡዕ ሁላችንም ለምሳ በወጣንበት ሰዓት መስመሯ ከፍ ብላ ሰባት ደቂቃ መቆየቷን አየሁ። አንድ ሰው ብረቱን ሳያወርድ ገብቶ ከመሣሪያው አጠገብ ቆሟል። የናሱ ቁልፍ ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር በማንም እጅ አልነበረም።

ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሰው ብረት የመጣ ዝላይ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፋል። የኑሪን ሚስማር፣ የአንድ አስተማሪን መነጽር፣ የራሴንም ሰንጢ ጽፌ አውቃለሁ። የረቡዑን ግን አልሰረዝኩም። ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ተጠርዞ፣ እንደ ልማዱ ለውጭ አገር ምሁራን ባሕር ተሻግሯል። አንድ ቀን አንድ ምሁር በዚያ ረቡዕ በግቢያችን ምን እንደደረሰ በደብዳቤ ቢጠይቀኝ፣ ምድሪቱ ናት ብዬ እመልስለታለሁ።