ኮቦ ላይ የተፈረደበት ጠንቋይ

የልጆች ፊልም ማለት አዋቂ ሲያየው የሚነጫነጭበት ፊልም ነው። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ልጁ ሆዱን ይዞ ሲስቅ አጠገቡ የተቀመጠው አባት «ይሄ እንዴት ይሆናል?» እያለ ይቆጣል። እኔም ከነጭናጮቹ ነኝ፤ በጋዜጣ ላይ ፊልም የሚያብጠለጥል ጽሑፍ ሳገኝ አንጀቴ ይርሳል። ነገር ግን እውነተኛ ሂስ የሰማሁት ኮቦ ነው፤ ያውም በድርቁ ዘመን፣ ከመጠለያ ግቢ ውስጥ።

ዘመኑ ስልሳ ስድስት ነው። የኮቦ ትምህርት ቤት መምህር ነበርኩ፤ ክፍሌ ባዶ ሲቀር ጠመኔውን አስቀምጬ ጭልፋ ያዝኩና ፋፋ የሚባለውን የእርዳታ ገንፎ ማደል ጀመርኩ። ከዋጃም ከጎብዬም የመጣ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ከሮቢት የመጣች ሙሚና የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ ትንሽ ልጇን ሉባባን ይዛ ነው የደረሰችው። ሉባባ ከዚያ ቀብር ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። ፋፋዋን ትበላለች፣ ጉንጯም እየሞላ ነው፤ ድምፅ ግን የለም። ሙሚና ገና ከሩቅ ስታየን፣ ሳንጠይቃት፣ ዛሬም አልተናገረችም ለማለት ራሷን ትነቀንቅልናለች።

አንድ ቀን ከደሴ የጤና ትምህርት ፊልም የሚያሳይ መኪና መጣ። ኦፕሬተሩ ደግ ሰው ነው፤ ስለ ዝንብና ስለ እጅ መታጠብ ካሳየን በኋላ ልጆቹን አይቶ አሳዘኑትና ሌላ ፊልም ጨመረልን። ሁለት የፈረንጅ ሕፃናት በቆርቆሮ ገላ መታጠቢያ ተቀምጠው ሰማይ ላይ ይበራሉ። ገንዳውን የምትነዳው መነጽር ያደረገች ፍየል ናት። ቋንቋውን እኔም ኦፕሬተሩም አናውቀውም፤ ያየነውን አየን።

መብረሩን ማንም አልተቃወመም። ስንት ቅዱስ ወልይ በበረረበት አገር ገንዳ ቢበር ምን ይደንቃል? ጣጣው ፍየሏ ላይ ነበር። ገንዳው ጫካ መሐል አርፎ ሲነሳ፣ ከብቶቻቸው በሙሉ ያለቁባቸው ገበሬ አያ ካሳው «ያን ሁሉ ቅጠል አልፋ አንዲት እንኳ አልቀነጠሰችም። ይሄስ ውሸት ነው» አሉ። ግቢው ሁሉ ተስማማ። እስካሁን ለዚህ ሂስ መልስ ያለው ሰው አላገኘሁም።

ሕፃናቱ ጢሙ መሬት የሚጠርግ ጠንቋይ ቤት ደረሱ። በሩን በፍየሏ ቀንድ ሰብረው ሲገቡ ቤቱ እስከ ጣሪያው ኬክ ነው። በሉ፤ ሲጠግቡ ደግሞ እየተወራወሩበት ተሳሳቁ። ከእኛ መሐል የሳቀ የለም። አንዲት ባልቴት «አስተግፊሩላህ» ሲሉ ሰማሁ። ጠንቋዩ ደርሶ አንገትጌያቸውን ጨምድዶ እንደያዘ ሸራው ነጭ ሆነ። የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ለካ ደሴ ተረስቷል።

ኦፕሬተሩ ይቅርታ ጠይቆ «በሉ ግቡ» አለን። ማን ይገባል? በእኛ አገር ሰው ሲጣላ አይቶ ሳያስታርቁ መሄድ ነውር ነው። ስንት የደም ነገር ያበረዱት ሽማግሌ ሸህ ይመር ከሸራው ፊት ተቀመጡ። ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን። ከዚያ «ለሕፃናቱ የሚናገር ማነው? ለሰውየውስ?» ብለው ጠየቁ። አዎ፣ ለጠንቋዩም። ሁለቱም ወገን ካልተሰማ ሽምግልና የለም።

ለጠንቋዩ የቆሙት አያ ካሳው ናቸው፤ አሳምረውም ተናገሩ።

«ሰላም ሳይሉ ገቡ። በር ሰበሩ። መብላቱንስ ይብሉ፣ የእግዜር ነው። እህል ግን ይወረወራል? እናንተ ብትሆኑ አትቆጡም?»

ለሕፃናቱ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩ ሰው «ልጆች እኮ ናቸው» ብዬ ቁጭ አልኩ። ሸህ ይመር ጢማቸውን እየዳበሱ ካሣ ሊጥሉባቸው ሲዘጋጁ ከፊት ረድፍ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ርቧቸው ነው» አለች ሉባባ። «የወረወሩትስ ጠግበው ነው። መጀመሪያ ግን ርቧቸው ነው።»

ሙሚና ልጇን ዘላ አላቀፈቻትም። ወሬዋን እንዳታቋርጥባት የፈራች ይመስል እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ሸህ ይመር ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «የኔ እናት፣ ቃልሽ ተሰምቷል» አሏትና ፈረዱ። ጠንቋዩ ጠርቶ ያብላቸው፤ ሕፃናቱ የበተኑትን ጠርገው፣ በሩን ጠግነው፣ ጉልበቱን ይሳሙ። ፍየሏም ትሰማራ። ሰው ሁሉ ረክቶ ገባ።

ኦፕሬተሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ የቀረውን ጥቅል ይዞ እየተንጎራደደ መጣ። ያየነውን ጉድ ልንገራችሁ፤ ሕፃናቱ ጠንቋዩን ገንዳው ውስጥ ጠቅጥቀው ወደ ጨረቃ ሰደዱት፣ ኬኩንም ወረሱ። ግቢው አጉረመረመ። ሸህ ይመር ተነስተው «የታረቀ ነገር ማነው የቀሰቀሰው? አጥፋው፣ ልጄ» አሉ። አጠፋው።

ሕዝቡ ሲበተን ሉባባ አያ ካሳውን ይዛ ፍየሏ ቅጠል ያልበላችው ጥርሷን ታማ ይሆናል እያለች ትሞግታቸዋለች። እሳቸው አንድ ሲሉ እሷ አሥር ትላለች። ያኔ ሙሚና ወደ ኦፕሬተሩ መጣች። ልታመሰግነው ነው ብዬ ፈንጠር አልኩላቸው።

«ወንድሜ» አለችው፣ ፊቷ ላይ ሳቋን መደበቅ እያቃታት፣ «ዝም የሚያሰኝ ፊልምስ የለህም?»