ድንጋዩን ማን ይሸከም?

ትናንት ከምሳ በኋላ ወይዘሮ አስካለ ወገባቸውን ሊያሳርፉ መደብ ላይ ጋደም እንዳሉ ሕልም አዩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእሳቸው ጉድ ግን መስከረምን አልጠበቀም፤ በጥር መጣ።

ልጃቸው ይበልጣል ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ከገበያ ሲመለስ ሰው አልባ አውሮፕላን ከሰማይ መታው። የሚዋጉት ሁለቱም ወገኖች "እኛ አይደለንም" አሉ። ወይዘሮ አስካለም "ጥቁሬን የማወልቀው ገዳዩ እንደ አባቶቻችን ወግ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጄ ላይ ሲቆም ነው" ብለው ማሉ። እስከ ዛሬ የመጣ የለም።

በሕልማቸው ግን "ገዳዩ ተገኘ፣ ለዕርቅ ይፈለጋሉ" ተባሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። መንገድ ላይ ትልቅ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሕዝቡ ደረቱን ይደቃል። አልቃሿ "ክንፍህ ተሰበረ ወይ፣ ባትሪህ አለቀ ወይ!" እያለች ታወርዳለች።

"ማነው የሞተው?" አሉ ወይዘሮ አስካለ።

"ኧረ ቀስ ብለው ይናገሩ እትዬ! ቁጥር አርባ ሁለት ነው፤ በጦር ሜዳ ወደቀ" አለ የዕድሩ ዳኛ፣ እንባውን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ።

"የሰውስ ለቅሶ የት ነው?"

"የሰው ለቅሶማ ቀረ። ጦርነቱ ሰው አልባ ሆኗል፤ ሰው አይሞትበትም። የሞተ ካለም ደንብ የጣሰ ነው።"

ዳኛው ይህን ብሎ ተመልሶ ተንሰቀሰቀ። ለይበልጣል ቀብር ጊዜ አጥቶ የቀረ ሰው፣ ለብረት ሲሆን እንባው ከየት እንደ መጣ እንጃለት።

ዕርቁ ሜዳ ላይ ነበር። ሰው አልባዎቹ ብረቶች ጋቢ ደርበው ወንበር ላይ ተኮፍሰዋል። ሽማግሌዎቹ ግን ጀርባቸው ላይ ገመድ ተሰክቶ ሜዳው ዳር ካለ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ቻርጅ ይደረጋሉ። ከብረቶቹ አንዱ ብድግ አለና ፎከረ፦

"ዘራፍ! ዘራፍ የብረት ልጅ! ሲመታ የማያዝን፣ ሲመቱት የማይደማ!"

ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እልል አለ። ወይ ጀግንነት! ሞት የማያውቀው ብረት ጀግና ከተባለ፣ ድንጋይም ጾመኛ ነው።

ወይዘሮ አስካለ ሕዝቡን እየገፉ ከፎካሪው ብረት ፊት ቆሙ። "ልጄን የገደልከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እትዬ አስካለ። እግዜር ያጽናዎት" አለ ብረቱ በትሕትና።

"ምን አድርጎህ?"

"ምንም። ጦርነቱን ሰው አልባ አድርጉት ተባልን። መንገዱን ስናየው ሰው አለበት። ስለዚህ አደረግነው።"

ንዴት አንገበገባቸው። አንድ ቃል አጣሞ የሰማ ብረት ልጃቸውን ያህል ነገር ቀጥፎ፣ አሁን የታዘዘውን እንደ ፈጸመ ተማሪ ሙገሳ ይጠብቃል።

"እንግዲያው ድንጋዩን ተሸከም!"

"ደስ ባለኝ፤ ግን አንገት የለኝም" አለና ዞሮ አሳያቸው። እውነቱን ነው፤ ራሱ ትከሻው ላይ ነው የተበየደው።

ድንጋዩን ብረቱን ለሠራው ሰው ሰጡት። ሠሪው "እኔ ዓይኑን ብቻ ነው የሠራሁት" ብሎ ለአዛዡ አቀበለ። አዛዡ "እኔ 'መልካም' አልኩ እንጂ 'ግደል' አላልኩም" ብሎ ቁልፍ ለሚጫነው አሳለፈ። ባለ ቁልፉ ደግሞ "እጄ ሻይ ይዟል፣ አይታያችሁም?" ብሎ በክርኑ ወደ ሕዝቡ ገፋው። ሕዝቡም እንደ ድግስ ትሪ ተቀባበለው። የነካው ሁሉ "እንዴት ያለ ቀላል ድንጋይ ነው!" ይላል። ማንም ጋ ካልቆየ ምን ይከብዳል! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል ነበር ድሮ። እነዚህስ መውጋታቸውንም ማወቅ አልፈለጉ።

ድንጋዩ ዞሮ ዞሮ ወይዘሮ አስካለ እጅ ገባ። ይኼኔ ቻርጅ ላይ የነበሩት ሽማግሌዎች ድንገት እንደ አምፖል በሩና ባንድ ድምፅ ፈረዱ፦

"አንገት ያላትና እጇ ያልተያዘ እሷ ብቻ ናት። ደግሞም ልጇ ሲመታ ፍንጣሪው የብረቱን ዓይን ጭሮታል። ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ።"

"የልጄን ገዳይ? እኔ?" ብለው ጮኹ ወይዘሮ አስካለ።

"አንቺ ካልጠየቅሽ ማን ይጠይቅልሽ?" አሉ ሽማግሌዎቹ፣ እንደ መልካም ምክር።

ድንጋዩን አንገታቸው ላይ ጫኑባቸው። እሳቸው ላይ ሲሆን ከበደ። ተንበረከኩ። ብረቱም ለስላሳ የሴት ድምፅ አውጥቶ "ይቅር ለእግዜር ለማለት አንድን ይጫኑ። ቅሬታ ካለዎት ሁሉም መስመሮች ተይዘዋልና ቆይተው ይደውሉ" አለ። ወይዘሮ አስካለ ሊረግሙት አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ቃል ግን "ይቅር..." የሚል ሆነባቸው። አፋቸውን በእጃቸው ሊይዙት ሲታገሉ፦

"እማዬ! እማዬ፣ ተነሺ እንጂ!"

ብርዛፍ ናት፤ የይበልጣል ታናሽ፣ በኮምፒውተር ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ስትፈልግ ጫማዋ ያለቀ ልጃቸው። ፊቷ በርቷል። ወይዘሮ አስካለ ላባቸውን እየጠረጉ ቀና አሉ።

"ሥራ አገኘሁ! እዚሁ ከተማ፣ አውሮፕላኖቹን የሚመሩበት ክፍል። ከስንቱ ተወዳዳሪ መካከል ስድስት ብቻ ነን ያለፍነው!"

"የምን አውሮፕላን?"

"ሰው አልባውን ነዋ። ጦር ሜዳ አልሄድም፣ አታስቢ። ስክሪን እያዩ ቁልፍ መጫን ነው። ጠዋት ሄጄ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። አንቺ ምሳዬን ብቻ ቋጥሪልኝ።"

ወይዘሮ አስካለ የልጃቸውን እጅ ጥብቅ አድርገው ያዙ። "ብርዛፌ፣ ስክሪኑ ላይ እንደ ወንድምሽ ከገበያ የሚመለስ ሰው ቢሆንስ? ገዳዩ ማን ሊባል ነው?"

"እሱንማ አስበውበታል" አለች ብርዛፍ፣ ጉንጫቸውን እየሳመች። "ስድስታችንም እኩል ነው የምንጫነው። የማን ቁልፍ እንደ ሠራ አይታወቅም።"