ድቡና የእድሩ ድንኳን

ቤት እያለው በገዛ ፈቃዱ ድንኳን ውስጥ ልደር የሚል ሰው ወይ ወታደር ነው፣ ወይ ሐዘንተኛ ነው፣ ወይ ፈረንጅ ነው! ከዚህ የተለየ ካገኛችሁ ንገሩኝ... አይ፣ ተዉት አትንገሩኝ። አራተኛው እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ላሊበላ ላይ አራተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። ደግሞ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የድቡ ነው። የምን ድብ? አትሉም። ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄጄ አጎቴ ቤት ሳለሁ በቴሌቪዥን የልጆች ካርቱን አየሁ። በዚያ ጊዜ ቴሌቪዥን ማለት ዳንቴል የሚለብስ፣ ቁልፍ ያለው፣ ከእንግዳ እኩል የሚከበር ዕቃ ነው። ካርቱኑ ላይ አንድ ሆዳም ድብ፣ አንዲት ባለመነጽር ጥንቸልና አንድ ነጭናጫ ኤሊ ድንኳን ተሸክመው ጫካ ይሄዳሉ። ቋንቋው የአንዱ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ስለሆነ አንዲት ቃል አልገባኝም። ግን ምን ቋንቋ ያስፈልጋል! ድቡ ድንኳኑን ይተክላል፣ ድንኳኑ ላዩ ላይ ይወድቃል። ደግሞ ይተክላል፣ ደግሞ ይወድቃል። በስንት መከራ ቆሞ ሦስቱም እንደገቡ፣ ከውጭ የሆነ ጥላ መጥቶ ድንኳኑ ላይ አረፈ። ድቡ ዓይኑን አፈጠጠ... መብራት ጠፋ! የድንኳኑ አይደለም፤ የሰፈራችን! የመጣውም በማግስቱ ነው።

መስከረም ላይ ታሪኩን ለልጆቹ ነገርኳቸው። ንግግሩን ከራሴ ጨመርኩበት፤ ድቡ የላስታ ሰው ሆኖ ሲናደድ በላሊበላ ይምል ጀመር። ጥላው ላይ ስደርስ አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ "ከዚያስ ቲቸር?" አለኝ።

"ከዚያማ... የቤት ሥራችሁን አውጡ!"

ይቺን "ነገ እነግራችኋለሁ" እያልኩ ሁለት ወር ጎተትኳት። በመጨረሻ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ጥሩወርቅ ተነሥታ፣ "ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩን። አላዩትም አይደል?" አለችኝ።

እስቲ ፍረዱኝ! መሬት ክብ ናት ያልኳቸው እኮ እኔው ነኝ። በድቡ ከዋሸሁ በመሬት ማን ያምነኛል? አፌ ቀደመኝና፣ "መጨረሻው በቃል አይነገርም! ቅዳሜ ድንኳን ተክለን ራሳችን እናየዋለን!" አልኩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ዳይሬክተራችንን ላስፈቅድ ስገባ ለነገሩ ስም አጣሁለት። "ልጆቹን ይዤ ለሰፈራ..." ስል የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። ሰው ከቀዬው እየተነቀለ የሚጫንበትን ያን ቃል በዚያን ጊዜ ጤነኛ ሰው በአፉ አያነሳውም! ቶሎ ብዬ "ለተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት" አልኩና ማህተም አስመታሁ።

ድንኳኑን ያገኘሁት ከእድሩ ነው፤ ከተማው ውስጥ ሌላ ድንኳን የለማ! ጀርባው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈበት ነጭ ድንኳን ነው። በሩቁ የማያውቀው የላስታ ሰው የለም፤ ያላለቀሰበት ማን አለና! ይህን ነገር ያን ጊዜ ልብ ብል ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

ቅዳሜ ድንኳኑን በአህያ ጭነን፣ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ወጣን። አቀበት ስለሆነ አርባውም ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ነበር የሚሄደው። እኔም ብርድ ፈርቼ ጋቢዬን ተከናንቤያለሁ። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ቆሞ ባርኔጣውን እያወለቀ ሲያሳልፈን፣ "አይ የላስታ ሰው፣ ለትምህርት ያለው ክብር!" እያልኩ ልቤ ይሞቃል።

ሜዳው ላይ ደርሰን ድንኳኑን ስንተክል ሁለቴ ላዬ ላይ ወደቀ። ልጆቹ "ድቡ! ድቡ!" እያሉ በሳቅ ፈረሱ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ሁላችንም ታፍገን ገባን። እንደገባን... ከውጭ አንድ ጥላ መጥቶ ሸራው ላይ አረፈ።

"ቲቸር፣ ጥላው!" አለች ጥሩወርቅ፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ። እኔም እንደ ድቡ ዓይኔን አፈጠጥኩ።

ጥላው አፉን ከፈተና፣ "ወየው! ወየው! ወየው!" አለ።

ብወጣ፣ አንዲት ወጣት ሴት የንፍሮ ሰፌድ በራሷ ላይ ተሸክማ ታለቅሳለች። ከኋላዋ የመንደሩ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ገሚሱ ማጭዱን እንደያዘ ይጎርፋል። መቼም ሲለቀስ ደርሶ "ማን ሞተ?" ብሎ የሚጠይቅ ጨዋ የለም። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ሟቹ ቀስ ብሎ ይታወቃል። እኔም ጨዋ ነኝና ጋቢዬን ዓይኔ ላይ አድርጌ ማልቀስ ጀመርኩ። ልጆቹ አስተማሪያቸው ሲያለቅስ ሲያዩ አርባቸውም ድምፃቸውን ለቀቁት። ሕዝቡ አርባ ልጅ ሲያለቅስ ሲሰማማ የባሰ ጋለ!

ትንሽ እንደቆየን አያ መኮንን የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ መጡና ትከሻዬን ይዘው፣ "አብሽር ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ" አሉኝ።

ያጥናህ? እኔን? ክው አልኩ። መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ሳይሰማ አገር ይሰበሰባል፤ ከዚያ ነው የሚረዳው። ለካ ይህ ሁሉ ሰው የመጣው እኔን ሊያረዳ ነው! እናቴ ኮን ከተማ ናት የምትኖረው። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም። በቀደም የላከችልኝ መልእክት ላይ "ጉንፋን ቢጤ" ብላ ነበር...

"እናቴን!" ብዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ይሄኛው የይሉኝታ ለቅሶ አልነበረም።

"ለካ እናቱ ናት!" አለ ሕዝቡ፤ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ባለንፍሮዋ ወጣት አጠገቤ ተቀምጣ እናቴን እንደምታውቃት ሁሉ፣ "እኒያን ደግ! እኒያን እጀ ሰፊ!" እያለች ስታለቅስ ልቤ ጭራሽ ተሰበረ።

ይሄኔ የደብሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ሰውን ዝም አሰኙና፣ "ልጄ፣ ለጸሎቱ ነው። የእናትህ ስመ ክርስትና ማን ነበር?" አሉኝ።

"ወለተ ማርያም፣ አባ።"

"መቼ ነው ያረፉት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ አባ! ሊያረዱኝ የመጡት እናንተ አይደላችሁም?"

"እኛማ ድንኳኑን አይተን ነው የመጣን!"

ቄሱ እኔን ያያሉ፣ እኔ አያ መኮንንን አያለሁ፣ አያ መኮንን ማጭዳቸውን ያያሉ። "ታዲያ የሞተው ማነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ማንም፣ አያ። ልጆቹን... ድንኳን ውስጥ ላሳድራቸው ብዬ ነው።"

"ለምን? ቤት የላቸው?"

ጥሩወርቅ ልታግዘኝ ብላ ስለ ድቡ፣ ስለ ጥንቸሏና ስለ ኤሊው ማስረዳት ስትጀምር፣ ከጎኔ የታፈነ ነገር ፈነዳ። ባለንፍሮዋ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ በሳቅ ትንፈራፈራለች! እንባዋ ገና አልደረቀም።

አያ መኮንን ተቆጡ። "አጨዳዬን ጥዬ ነው የመጣሁ! ድንኳን ያለ ነገር ይተከላል እንዴ! ወይ ሞት ነው፣ ወይ ሰርግ ነው። ሞት ካልሆነ ሙሽራይቱን አምጣ!" አሉና ዞር ዞር ብለው አዩ። "ይኸው፣ ይቺ የምትስቀዋ ምን አነሳት!"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ንፍሮው ተበላ፣ ከመንደሩ ጠላ መጥቶ ተጠጣ። ልጆቹንም፣ "ቤት እያለ ልጅ ሜዳ አያድርም" ብለው አምስት አምስት አድርገው በየቤታቸው ወሰዱብኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያደረው አህያው ብቻ ነው። ባለንፍሮዋ ስንታየሁ እንደምትባልና በመንደሩ መሠረተ ትምህርት እንደምታስተምር የሰማሁት ያን ለት ነው።

ሰኞ ክፍል ገባሁና እውነቱን አወጣሁት። "ልጆች፣ መጨረሻውን አላየሁትም። መብራት ጠፍቶብኝ ነው።"

ጥሩወርቅ አሰብ አድርጋ እጇን አወጣች። "መሬት ክብ መሆኗንስ አይተዋል?"

"እሱንም... አላየሁም" አልኩ። ምን ልበል!

ጥር ላይ ያንኑ ድንኳን ልዋስ ሄድኩ። የእድሩ ዳኛ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ "የዛሬውስ ሟች ይታወቃል?" አሉ። የሰርጌ ቀን እናቴ ከኮን በበቅሎ መጥታ፣ የራሷን ለቅሶ ታሪክ አስሬ እያስነገረች ትስቃለች። አርባው ልጅም ድንኳኑን ሞልቶታል። ጥሩወርቅ ስንታየሁን ከነቬሏ ትኩር ብላ አየቻትና ወደ ጓደኞቿ ዞራ አወጀች።

"ጥላው የሷ ነበር! ከዚያማ ድቡ አገባት።"

ካርቱኑ በእውነት እንዴት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ድቡ ጥላውን ሲያይ ለምን ዓይኑን እንዳፈጠጠ ግን በትዳር ዘመኔ ሁሉ በየቀኑ እየገባኝ ነው። ይህን ሁሉ ለእናንተ በምሥጢር... ቆይ ቆይ። አንድ ጥላ መጥቶ ወረቀቴ ላይ አረፈ።

ምናለ መብራት አሁን ቢጠፋ!