ሌንሱን የሚያመጣው ሰው

«ዱባይ ሰው አለኝ» የሚል ወዳጅ የለዎትም? ታድለዋል! እኔ ሙሉጌታ የሚባል አለኝ። ለካሜራዬ ሰፋ አድርጎ የሚያነሳ፣ ደብዛዛ ብርሃን የማይበግረው፣ ኪስም የማይጎዳ ሌንስ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስንከራተት አየኝና፣ «በዚህ ዋጋማ እንዳትገዛ! ዱባይ ታዬ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ ሲመጣ ይዞልህ ይመጣል» አለኝ።

ጠበቅኩ። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፤ በጠየቅኩት ቁጥር «እየመጣ ነው» ይለኛል።

ባለፈው እሑድ ቤቴል፣ አንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ የሠርግ መልስ ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። ዘመድ ሁሉ በአንድ ፎቶ ካልገባ ይቀየም የለ? በአሮጌው ሌንሴ ላስገባቸው ወደኋላ ስል፣ ወደኋላ ስል፣ ባኞ ቤት ገባሁ። ባኞው ላይ ቆሜ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያልኩ ስጮህ፣ የሙሽራዋ ወንድም ሊያግዘኝ መጣ።

«ታዬ እባላለሁ፤ አንተን የጠቆመን ጓደኛዬ ሙሉጌታ ነው።»

«የዱባዩ ታዬ?»

«ኧረ ከተመለስኩ ቆየሁ! አየር ጤና ጋራዥ ከፍቻለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፎቶ አንሺ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ዱባይ ሰው የለህም? የመኪና ዕቃ ላስመጣ ነበር።»

ሙሉጌታ ትዝ አለኝ። ከባኞው ሳልወርድ፣ «አለኝ» አልኩት።